ምዕራፍ ሰባት፦ ማዶውን ይጫኑ

የሞተር ሳይክሉን ጎማ ቤቱ ለመለወጥ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚያሰባስበው ጉልበት ነው። ረዘም ያለ ብረት ይዋሳል፣ መዶሻ ያቀርባል፣ ክንዱ ደልደል ያለ ጎረቤት ይጠራል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲታገል ውሎ ጣቱ ይላጣል፣ ቸርኬው ይጫጫራል፣ አዲሱ ካላማዳሪያ አንድ ሜትር እንኳ ሳይነዳበት ይቀደዳል። በማግስቱ ጎማውን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ሲሄድ ደግሞ ጢም ያላበቀለ ልጅ በሁለት ብረት፣ ከጓደኛው ጋር የያዘውን ወሬ ሳያቋርጥ፣ ፈትቶ ይገጥምለታል። ልጁ ከእሱ የበለጠ ጉልበት የለውም። ቸርኬው መሃል ላይ ያለውን ነገር ግን ያውቃል።

ጎማ ከላስቲክ ስለተሠራ የሚለጠጥ ይመስለናል። ሰፊው አካሉ እውነትም ይተጣጠፋል። ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ ግን ሌላ ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን የተቀበረ የብረት ሽቦ አለው። ጎማው በአየር ሲወጠር ከቸርኬው ላይ ተፈናጥሮ እንዳይወጣ አንቆ የሚይዘው ይኸው ሽቦ ስለሆነ፣ እንዳይለጠጥ ታስቦ ነው የተሠራው። አሥር ሰው ቢጎትተው አይሰፋም። ቸርኬው ደግሞ በግራና በቀኝ ከፍ ብሎ የወጣ ከንፈር አለው፤ የከንፈሩ ዙሪያ ከሽቦው ዙሪያ ይበልጣል። እንግዲህ የማይሰፋ ቀለበት ከእሱ በሚበልጥ ክብ ላይ እንዴት አድርጎ ያልፋል?

ጠባብ አምባር አጥልቃ የምታውቅ ሴት መልሱን ታውቀዋለች። አምባሩ አይሰፋም፤ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ ጎድጓዳ አጥፋ እጇን ታጠበዋለች፣ ያኔ ሾልኮ ያልፋል። ቸርኬውም እንዲህ ያለ ጎድጓዳ አለው፤ መሃሉን ይዞ ዙሪያውን የሚሄድ ቦይ ነው። የጎማው ጠርዝ በአንድ በኩል ከመቀመጫው ተነስቶ ቦዩ ውስጥ ሲወርድ፣ በተቃራኒው በኩል የወረደውን ያህል ትርፍ ይገኛል። ቦዩ ጥልቅ አይደለም። ከንፈሩን ለመሻገር የሚያስፈልገው ትርፍም ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ብረቱ እዚህ ቢሰካም የሚወስነው ማዶው ነው። ማዶው ወደ ቦዩ ካልወረደ ሽቦው ከከንፈሩ ጋር እንደተወጣጠረ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ብረቱን በሙሉ ክብደት መጫን ሽቦን ለመለጠጥ መሞከር ነው። ውጤቱም ወይ ቸርኬው መጣመሙ፣ ወይ ሽቦው መበጠሱ፣ ወይ ብረቱ አምልጦ አገጭ መምታቱ ነው። ከሦስቱ የከፋው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ሽቦው የተበጠሰ ጎማ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት በረንዳ ቆሜ ያየሁትን ልጥቀስ። ጎልማሳው ባለሞተር ልጁ ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት አላስቻለውም፤ ሦስተኛ ብረት አንስቶ ሊያግዝ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ብረቱን ይተዉልኝ» አለ ልጁ ቀና ሳይል። «ማገዝ ከፈለጉ ማዶውን በጉልበትዎ ይጫኑልኝ።»

ሰውየው ተንበረከከ። ሲታገል የነበረው ጠርዝ ወዲያው ዘለለ።

ይህን የሽቦና የቦይ ብልሃት ያሰበው ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ብልሃቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚገባን ከእሱ በፊት የነበረውን ስናውቅ ነው። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ዳንሎፕ ቤልፋስት ሆኖ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት የሠራውን በአየር የሚሞላ ጎማ ያስመዘገበው በ1888 ነበር። ጎማው ይመቻል፤ ችግሩ ከቸርኬው ጋር መጣበቁ ነው። በ1889 ጎማው የተነፈሰበት አንድ ብስክሌተኛ ፈረንሳይ፣ ክሌርሞን ፌራን ወደሚገኘው የሚሽለን ወንድማማቾች የላስቲክ ፋብሪካ ብስክሌቱን ይዞ መጣ። ጎማውን ልጦ መጠገኑ ሰዓታት ወሰደ፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ደግሞ ሌሊቱ ነጋ። ጠዋት ኤድዋር ሚሽለን ብስክሌቱን ሊሞክር ወጣ፤ ብዙም ሳይርቅ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። የዚያን ቀን ኤድዋርን የያዘው ጥያቄ ዛሬ በረንዳችን ላይ ተንበርክከን የምንጠይቀው ነው፤ ይህን ነገር ባለቤቱ ራሱ፣ መንገድ ዳር፣ በአጭር ጊዜ ፈትቶ መግጠም ለምን አይችልም?

ሚሽለኖች የሚፈታ ጎማቸውን በ1891 አወጡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚሁ ጎማ ጋልቦ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ ያለውን 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውድድር አሸነፈ። የእነሱ ጎማ ግን ከቸርኬው ጋር የሚታሰረው በብሎን ነበር። የዌልች ጎማ ብሎን አላስፈለገውም፤ አየሩ ራሱ ጠርዙን ወደ መቀመጫው ይገፋዋል፣ አየሩ ሲወጣ ደግሞ ቦዩ መውጫ ይሆናል። የዳንሎፕ ኩባንያ መብቱን ገዛው። ዛሬ ባለካላማዳሪያ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁሉ ከ130 ዓመት በላይ የሆነውን ይህን አሠራር ይዞ ነው የሚዞረው።

የኮረኮንችና የጭቃ ሞተር ጎማ ግን ከከተማው ይከብዳል። ጎኑ ድንጋይ እንዲችል ወፍራምና ደረቅ ተደርጎ ይሠራል። ካላማዳሪያውም ወፍራም ነው፤ ለከባድ ሥራ የሚሸጠው ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሄዳል። በዚያ ላይ በብዙዎቹ የውድድር ሞተሮች ቸርኬ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ይገኛል፤ የጎማውን ጠርዝ ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የሚይዝ፣ ብሎኑ ከቫልቩ አጠገብ ከቸርኬው ብቅ የሚል ቁራጭ። መቆንጠጫ እንበለው። ጭቃና አሸዋ ላይ በአነስተኛ አየር ስንነዳ ሞተሩ ቸርኬውን ሲያዞረው ጎማው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ካላማዳሪያው ከጎማው ጋር ሲሳብ ቫልቩ ከሥሩ ይገነጠላል። መቆንጠጫው የገባው ይህን ለመከላከል ነው። ጎሚስታ ቤት ከተማ ሞተር ብቻ ሲሠራ የኖረ ልጅ እንኳ መቆንጠጫ ሲያይ ለአፍታ ይቆማል።

ጎማ ሲገዙ ቁጥሩን ያንብቡ። በወረዳ ጤና ጣቢያና በግብርና ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ የምናውቀው ያማሃ ዲቲ 125 ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.10-18 ይላል፤ የመጀመሪያው ውፍረቱ በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አዳዲሶቹ ላይ 90/90-21 ዓይነት ጽሑፍ ያገኛሉ፤ ወርዱ 90 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 21 ኢንች ማለት ነው። ከጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ የታተሙ አራት አሃዞችም አሉ። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ሱቅ ጥግ ለዓመታት ተቆልሎ የኖረ ጎማ ርካሽ ቢሆንም እየደረቀ ስለሚሄድ ለጀማሪ እጅ አልመርጠውም።

አሁን ወደ ሥራው። አዲሱን ጎማ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ የሞቀ ጎማ እጅ ይሰማል፣ የቀዘቀዘ አይሰማም። የዘንጉን ዳዶ ሞተሩ በጎማው ቆሞ ሳለ ያላሉት፤ ጎማው ከመሬት ከተነሳ በኋላ ጠንካራ ዳዶ መፍታት ሞተሩን መጣል ነው። ከዚያ ከሆዱ ሥር የለስላሳ ሳጥን አስገብተው ያንሱት። የካቴናው መወጠሪያ የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ ጎማውን ወደፊት ገፍተው ካቴናውን ከጥርሱ ላይ ያውርዱ፣ ዘንጉን ይሳቡ። ሮንዴላዎችና ቁርጥራጭ ቱቦዎች ይረግፋሉ፤ የትኛው በየትኛው ጎን እንደነበር ስልክዎ ፎቶ ያንሳልዎ። ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ጎማው እስኪመለስ ድረስ ማንም የፍሬኑን እጀታ ወይም ፔዳል እንዳይነካ ይናገሩ፤ ሸራዎቹ ተገፍተው ይጋጠሙና ዲስኩን ለመመለስ ሌላ ትግል ይመጣል። ልጆች ካሉ ማስጠንቀቂያው ሁለት ጊዜ ይነገር።

የወጣውን ጎማ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አያጋድሙት። አሮጌ የመኪና ጎማ መሬት ላይ ቢያነጥፉና ከላዩ ቢያስተኙት ዲስኩም አይጎዳም፣ ኩሽኔታውም አሸዋ አይገባበትም፣ ወገብዎም ትንሽ ያርፋል።

አየሩን ለማስወጣት የቫልቩን መሃል በጥፍር መጫን አይበቃም። ውስጡ ያለችውን መርፌ በመፍቻዋ አውጥተው ጎማውን ይርገጡት፤ የቀረ አየር ሁሉ ጠርዙን ወደ መቀመጫው ስለሚገፋ ሥራዎን ይቃወማል። ከዚያ የቫልቩንና የመቆንጠጫውን ዳዶ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ያላሉና ሁለቱንም በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ይግፏቸው። ጠርዙ አልላቀቅ ብሎ ብዙ ሰው የሚሰቃየው መቆንጠጫውን ማላላት ስለሚረሳ ነው።

ዓመት የቆየ ጠርዝ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ይገኛል። የሳሙና ውኃ ዙሪያውን ያፍስሱና በሁለት ተረከዝ ቸርኬውን አስታክከው ይርገጡ፣ ትንሽ ያዙሩ፣ እንደገና ይርገጡ። እምቢ ካለ የሌላ ሞተር እርዳታ ይጠይቁ፤ የጓደኛዎን ሞተር አጠገቡ አቁመው የጎን መቆሚያውን ከቸርኬው ጥግ ጎማው ላይ ያሳርፉና ሞተሩን በዝግታ ወደ መቆሚያው ያጋድሉት። የሞተሩ ክብደት የማያላቅቀው ጠርዝ እምብዛም የለም። ሁለቱም ወገን መላቀቅ አለበት፤ ላይኛውን ብቻ አላቅቀው የሚቸኩሉ ሰዎች ቦዩን ራሳቸው ይዘጉታል።

የሚያስፈልጉት ሦስት ብረቶች ናቸው፤ ጫፋቸው የተድበለበለ፣ ርዝመታቸው ከክንድ ያነሰ። ካቻቢቴ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ስለቱ ካላማዳሪያውን ይወጋዋል። በጣም ረዥም ብረትም አልመክርም፤ ረዥም ብረት የሚያስፈልገው ማዶውን ለረሳ ሰው ነው።

ማውጣት የሚጀምረው ቫልቩና መቆንጠጫው ባሉበት በኩል ነው። ምክንያቱ እንደገና ቦዩ ነው፤ የቫልቩ ሥርና መቆንጠጫው ቦዩን ስለሚሞሉት እዚያ ጠርዙ ሊወርድ አይችልም፤ ነፃ የሆነው ማዶው ነው። ማዶው ላይ ተንበርክከው በጉልበትዎ ወደ ቦዩ ይጨቁኑት፣ የመጀመሪያውን ብረት ያስገቡና ጠርዙን ከከንፈሩ በላይ ያንሱ። ሁለተኛውን አራት አምስት ሳንቲ ሜትር አርቀው ያስገቡ። ስስታም ይሁኑ፤ በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ለመጉረስ የሚሞክር ሰው ነው የሚደክመው። ሦስተኛውን ሲያነሱ መሃለኛው ላልቶ በእጅ ይወጣል፤ እሱን ወደፊት ያሳልፉት። በየመሃሉ ጉልበትዎ ከማዶው እንዳልተነሳ ያረጋግጡ። ብረቱ ከበደኝ ባሉ ቁጥር የሚታየው ቦታ ማዶው ነው፤ ወይ ጠርዙ ከቦዩ ወጥቷል ወይ ሳሙናው ደርቋል።

አንዱ ጎን ከወጣ በኋላ ካላማዳሪያውን ይሳቡ፣ ጎማውን አቁመው ሁለተኛውን ጠርዝ በዚያው በኩል ያሻግሩና ቸርኬውን ያላቅቁት። ይኸኛው ከፊተኛው ይቀላል።

ቸርኬው ራቁቱን ሲቀር አይቸኩሉ። የራጂዎቹን ጭንቅላት የሚሸፍነው የላስቲክ መቀነት ተበጥሶ ወይም ተንሸራቶ እንደሆን ይዩ፤ አንድ የሾለ የራጂ ጫፍ በየሳምንቱ ካላማዳሪያ ሊበላ ይችላል። አሮጌውን ጎማ መልሰው የሚገጥሙ ከሆነ ውስጡን በእጅ አይዳብሱት፤ በጨርቅ ያብሱት። የግራር እሾህ ከውጭ ተሰብሮ ጫፉ በውስጥ በኩል ተደብቆ ይቀራል፤ ጨርቁ ሲይዝ እሾሁን አገኙት ማለት ነው። የተነፈሰ ካላማዳሪያ በማስቲሽ ለጥፎ እሾሁን ጎማው ውስጥ ትቶ የሚገጥም ሰው በዚያው ቀን እንደገና ይፈታዋል።

ለመግጠም መጀመሪያ በጎማው ጎን ላይ ያለውን የአቅጣጫ ቀስት ከሞተሩ ጉዞ ጋር ያስተያዩ። ይህን ሁሉ ላብ አፍስሶ ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ማየት ያናድዳል። ጠርዙን በቀጠነ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይለቅልቁ፤ ግራሶና የሞተር ዘይት ላስቲክ ስለሚያበላሹ እንዳይነኩት። የመጀመሪያው ጠርዝ በረገጣ ብቻ ይገባል። ካላማዳሪያውን የሕፃን ፓውደር ቀብተው፣ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ጥቂት አየር ሰጥተው፣ ያልተጣመመና ያልተጣጠፈ መሆኑን በጣት እያዩ ያስገቡት። የቫልቩን ዳዶ ሁለት ዙር ብቻ ይያዙት፤ አያጥብቁት።

አዲስ ካላማዳሪያ የሚበላው ከዚህ በኋላ ያለው ቅጽበት ነው። ብረቱ ጎማው ውስጥ ጠልቆ ሲገባ ጫፉ የካላማዳሪያውን እጥፋት ከቸርኬው ጋር ይነክሰዋል። ብረቱን ሲያነሱት ምንም አይሰማም፤ ላስቲክ ላስቲክን የነካ ያህል ነው። ስለዚህ ብረቱ የሚገባው ከንፈሩን ለመያዝ እስኪበቃው ብቻ ነው፤ ሲነሳም ቀጥ ብሎ ከቆመበት አልፎ አይጋደምም። መቆንጠጫ ካለ ከእሱ ይጀምሩ፤ ብሎኑን ወደ ውስጥ እየገፉ ጠርዙን ከሥሩ ያስገቡ፣ ከዚያ በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ይሂዱ። መቆንጠጫ ከሌለ ደግሞ መጨረሻው ቫልቩ ላይ ይሁን። የመጨረሻው አንድ ስንዝር እንደ ግድግዳ ሲሆንብዎ ብረቱን ያስቀምጡ፤ በሁለት እጅ ጠርዙን ከጀመሩበት አንስቶ ዙሪያውን ወደ ቦዩ እየጨመቁ ይምጡ። አብዛኛውን ጊዜ ያ ግድግዳ በአንድ ትንሽ ብረት ይዘላል።

ሲክስ ዴይስ የሚባለው የኢንዱሮ ውድድር ላይ ነጂዎች ይህን ሁሉ ራሳቸው ይሠሩታል። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዝ ካርላይል ላይ የተጀመረ ሲሆን ሞተሩን የሚጠግነው ነጂው ብቻ ነው፤ መካኒኩ አጠገቡ ቆሞ ምክር ከመወርወር በቀር ብሎን አይነካም። ቀኑን ሙሉ ተራራ ሲወጣ የዋለ ሰው በተሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች ሁለቱንም ጎማዎች ይለውጣል። ቪዲዮውን ያገኘ ሰው እጃቸውን ትቶ ጉልበታቸው የት እንዳረፈ ይይ።

አየር ሲሞላ ጠርዙ ከቦዩ ወጥቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ጧ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቴ። ድምፁን ብቻ አይመኑ። ከቸርኬው ከንፈር አጠገብ ጎማው ላይ ቀጭን መስመር አለ፤ ዙሪያውን ከከንፈሩ እኩል መራቅ አለበት። በአንድ ቦታ ወደ ውስጥ ከገባ አየሩን አስወጥተው፣ እዚያ ሳሙና ጨምረው እንደገና ይሙሉ። 40 ፒ ኤስ አይ ደርሶም ካልተቀመጠ ግፊት በመጨመር አይፈታም፤ ጎማ ሲሞሉ ፊትዎንና ጣትዎን ከላዩ ያርቁ። ከተቀመጠ በኋላ ወደ መንጃው ግፊት ያውርዱት። ለአስፋልትና ለጭነት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይያዙ። ጭቃና አሸዋ ብቻ ለሚነዳና መቆንጠጫ ላለው ከ12 እስከ 15 ፒ ኤስ አይ የተለመደ ነው። የመቆንጠጫውን ዳዶ አሁን ያጥብቁ። የቫልቩን ግን ላላ አድርገው ይተዉት፤ ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ቫልቩ ተጋድሞ አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ጎማውን ሲመልሱ ካቴናውን በምልክቱ ላይ ያስተካክሉ፣ ዘንጉን ያጥብቁ፣ ከግቢ ከመውጣትዎ በፊትም ፍሬኑን ጠንከር እስኪል ደጋግመው ይምቱት። ዲስኩ ሲወጣና ሲገባ ሸራዎቹ ስለሚርቁ የመጀመሪያው ምት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መንገድ ላይ ማወቅ አይፈለግም። በማግስቱ ጠዋት ግፊቱን ይለኩ። ሌሊቱን ወርዶ ካደረና ካላማዳሪያው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካገኙ፣ የነከሰው ብረትዎ ነው።

ቤት የተማሩትን መንገድ ላይ የሚፈትኑበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ለዚያ ቀን ሁለት ብረት፣ የእጅ መንፊያ፣ የቫልቭ መፍቻ፣ የዘንጉ ቁልፍ፣ ማስቲሽና ልጣፍ ከመቀመጫው ሥር ይኑር። መለዋወጫ ካላማዳሪያ የሚይዙት አንድ ብቻ ከሆነ የፊተኛውን፣ ባለ 21 ኢንቹን ይያዙ። ለኋላው ቸርኬ ቢረዝምም ትንሽ ተጣጥፎ ይገባል፤ በዝግታ ከነዱ እስከ ጎሚስታው ያደርሳል፤ እዚያ ሲደርሱ ትክክለኛውን ያስገቡ።